የተበላሸ የቡት ሚረር ዲስክ መቀየር (ሶላሪስ 10፣ ሰን ፋየር ቪ240)፦ ማሽኑን ሳላጠፋ ይቻላል?

ሩት_ነኝ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የሰን ማሽን ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ድረሱልኝ።

መሥሪያ ቤታችን አንድ አሮጌ ሰን ፋየር ቪ240 አለ፣ ሶላሪስ 10 የተጫነበት። ላዩ ላይ ያለው ዳታቤዝ ወደ አዲሱ ሲስተም ይዞራል ከተባለ ቆይቷል፣ እስካሁን ግን አልዞረም። ስለዚህ ይህች ማሽን ከቆመች ሥራው ሁሉ ይቆማል። ቡት የምታደርግባቸው ሁለት ባለ 73 ጊጋባይት ስካዚ ዲስኮች በሶላሪስ ቮልዩም ማኔጀር ሚረር ተደርገዋል፣ ማለትም አንዱ የሌላው ቅጂ ነው። ያቀናበረው ልጅ ለቆ ሄዷል፣ ጽፎ የተወው ነገርም የለም።

ዲ0 ሩት ነው (ሶላሪስ ራሱ ያለበት)፣ ዲ1 ስዋፕ፣ ዲ5 ደግሞ /ኤክስፖርት። የመጀመሪያው ዲስክ ሲ1ቲ0ዲ0 ነው፣ ሁለተኛው ሲ1ቲ1ዲ0። ሜታስታት ስመታ ዲ20 እና ዲ25 (የዲ0 እና የዲ5 ሁለተኛ ጎኖች) "ኒድስ ሜይንተናንስ" ይላሉ፣ ሁለቱም ያሉት ሁለተኛው ዲስክ ላይ ነው። የገረመኝ የስዋፑ ዲ21 እዚያው ዲስክ ላይ ሆኖ "ኦኬ" ማለቱ ነው። ሜታዲቢ ደግሞ ስድስት ሬፕሊካ (የቮልዩም ማኔጀሩ መዝገብ ቅጂ) ያሳያል፣ ሦስቱ ሲ1ቲ0ዲ0ኤስ7 ላይ (ኤስ7 ማለት ስላይስ 7፣ የዲስኩ አንድ ክፍል)፣ ሦስቱ ሲ1ቲ1ዲ0ኤስ7 ላይ። የሁለተኛው ዲስክ ሦስቱም ፊታቸው ላይ ካፒታል ዳብልዩ (የመጻፍ ስህተት ምልክት) አለ።

መለዋወጫ ዲስክ አግኝቻለሁ፣ ከተወገደ ሌላ የሰን ማሽን የወጣ፣ መጠኑም ያው 73። አሁን ማወቅ የምፈልገው፣ ማሽኗ በርታ እያለች መቀየር ይቻላል ወይስ የግድ ማጥፋት አለብኝ? ሜታስታት ራሱ "ኢንቮክ ሜታሪፕሌስ" ብሎ ትእዛዙን ጽፎልኛል፣ እሱን ብቻ ብመታው አይበቃም? ሌላው ደግሞ እንደምታውቁት መብራት ይሄዳል፣ ዩፒኤሱም ባትሪው ደክሟል፣ በመሃል ብትጠፋ ምን ይፈጠራል?

ትእዛዞቹን በአማርኛ ፊደል ስለጻፍኩ ይቅርታ፣ ከስልኬ ነው።


ፈጣን_እጅ፦

ምን ያስጨንቅሻል፣ የቪ240 ዲስክ እኮ ሆት ስዋፕ ነው። ምዘዢው፣ አዲሱን ሰኪው፣ ሜታሪፕሌስ -ኢ ምቺ፣ አለቀ። እምቢ ካለሽ ደግሞ ሪቡት አድርጊያት፣ ራሷ ትስተካከላለች።


ጋሽ_ስፓርክ፦

ቆይ፣ ቆይ። ፈጣን እጅ፣ ስምህ ልክ ነው፣ ምክርህ ግን ሰው ያስለቅሳል።

ሩት፣ ከሁሉ በፊት ሪቡት የሚባለውን ነገር እርሺው። ዲስኩ ይደረስበታል። እኔን የሚያስፈራኝ እነዚያ ሬፕሊካዎች ናቸው። ቮልዩም ማኔጀሩ የትኛው ሚረር ከምን እንደተሠራ፣ የትኛው ጎን ደህና የትኛው የተበላሸ እንደሆነ የሚመዘግበው እነሱ ላይ ነው። ብዙ ቅጂ የሚቀመጠው አንዱ ቢሳሳት የቀሩት እንዲመሰክሩ ነው። ሕጉም ጥብቅ ነው። ከግማሽ በታች ከቀሩ ከርነሉ ፓኒክ ያደርጋል፣ ማሽኗ በድንገት ትወድቃለች። ልክ ግማሽ ከቀሩ በመሥራት ላይ ያለው ሲስተም ሥራውን ይቀጥላል። ጠፍቶ እንደገና ለመነሣት ግን ከግማሽ ቢያንስ በአንድ የሚበልጡ ያስፈልጉታል።

አንቺ ጋ ከስድስቱ ሦስት ነው የቀሩት፣ ልክ ግማሽ። ስለዚህ ማሽኗ አሁን ምንም እንዳልሆነች ትሠራለች። ዛሬ ማታ መብራት ቢሄድና ዩፒኤሱ ባይችል ግን፣ ስትነሣ "ኢንሰፊሸንት ሜታዲቫይስ ዳታቤዝ ሬፕሊካስ ሎኬትድ" ትልና ሲንግል ዩዘር (የጥገና ሁነታ) ላይ ቁጭ ብላ የሩት፣ የዋናውን አስተዳዳሪ፣ ፓስወርድ ትጠይቅሻለች። ዳታው አልጠፋም፣ ደህናው ዲስክም ቦታው ላይ አለ፣ ግን ሰው መጥቶ እጁን ካላስገባ አትነሣም። በሌሊት ያ ሰው ማን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ።

መፍትሔው አንድ መስመር ነው፦

ሜታዲቢ -ዲ ሲ1ቲ1ዲ0ኤስ7

ይህ ሦስቱን የሞቱ ሬፕሊካዎች ከመዝገቡ ያወጣቸዋል። ከዚያ ጠቅላላው ሦስት ይሆናል፣ ሦስቱም ደህና ናቸው፣ መብራት ቢሄድም ትነሣለች። የቀረውን የኔን ጽሑፍ ሳታነቢ ሂጂና ምቺው፣ ከዚያ ተመለሺ።

ተመለስሽ? እሺ። ሜታስታት የጻፈልሽን ትእዛዝ ወዲያው እንዳትመቺው። -ኢ ያለው ሜታሪፕሌስ ያንኑ ዲስክ እዚያው ቦታው ላይ መልሶ የሚያስገባ ነው። ኬብል ተነቃንቆ ወይም ለአፍታ ተቋርጦ ከነበረ ይሠራል። እየሞተ ያለ ዲስክ ላይ ከመታሽው ግን ሪሲንኩ (ከደህናው ዲስክ መልሶ መቅዳቱ) ትንሽ ይሄድና ይቆማል፣ አንቺም ደህናውን ዲስክ በከንቱ አደከምሽው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ አይኦስታት -ኢኤን ምቺና "ሃርድ ኤረርስ" እና "ሚዲያ ኤረር" የሚሉትን እዪ። የሁለቱንም ዲስክ እዪ፣ የተበላሸውን ብቻ አይደለም። ሪሲንክ ማለት የቀረውን ብቸኛ ዲስክ ከዳር እስከ ዳር ማንበብ ነውና ለዓመታት ማንም ያልነካው ሴክተር ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነበባል። ሲ1ቲ0ዲ0 ላይም የማይነበብ ቦታ ካለ ያኔ ነው የሚወጣው። ሜታስታት ላይ "ላስት ኤርድ" የሚል ካየሽ የመጨረሻው ቅጂ ተነክቷል ማለት ነው፣ እጅሽን አንሺና እዚህ ጻፊልን።

ስለዚህ መጀመሪያ ባካፕ። ማሽኗ በርታ ስለሆነ በኤፍኤስስናፕ ስናፕሾት ይዘሽ ከዚያ ላይ ዩኤፍኤስደምፕ አድርጊ፣ ወደ ቴፕ ወይም ወደ ሌላ ማሽን። ዳታቤዙን ደግሞ በራሱ መንገድ። የሜታስታት -ፒ፣ የሜታዲቢ እና የፒአርቲቪቶክ ውጤቶችንም ሌላ ቦታ ኮፒ አድርጊያቸው። ልጁ ጽፎ ያልተወው ዶክዩመንት እሱ ነው።

ከዚያ ማሽኗን ሳታጠፊ ዲስኩን ከሲስተሙ ታወጪዋለሽ፦

ሲኤፍጂኤድም -ሲ አንኮንፊገር ሲ1::ዲኤስኬ/ሲ1ቲ1ዲ0

ከተሳካ ዲስኩ ላይ ያለችው ሰማያዊ መብራት ትበራለች፣ "ማውጣት ትችያለሽ" ማለቷ ነው። መብራቷ ካልበራች በግምት እንዳትመዢ፣ በዚህ ሥራ ትልቁ አደጋ ደህናውን ዲስክ መምዘዝ ነው። አንድ ብልሃት ልንገርሽ፦ ዲዲ አይኤፍ=/ዴቭ/አርዲኤስኬ/ሲ1ቲ0ዲ0ኤስ2 ኦኤፍ=/ዴቭ/ነል ብለሽ ደህናውን ዲስክ አስነብቢውና ፊት ለፊት ቁሚ። አረንጓዴዋ ሳታቋርጥ የምትብለጨለጨው ደህናው ነው፣ እሱን አትንኪ። አይኦስታት -ኢኤን ላይ የሚታየውን ሲሪያል ቁጥርም በወረቀት ያዢ፣ ከወጣው ዲስክ ጋር ታመሳክሪዋለሽ።


ፈጣን_እጅ፦

ጋሼ፣ እኔ እኮ ሁሌም እንደዛ ነው የማደርገው፣ ሠርቶልኛል።


ጋሽ_ስፓርክ፦

ሲበራ የሚቀየር ዲስክ መሆኑ የኤሌክትሪኩን ነገር ነው የሚነግርህ፣ ሶፍትዌሩ ሌላ ነው። ሳታወጣው ስትመዘው ሶላሪስ አሮጌው እዚያው ያለ ይመስለዋል። ቮልዩም ማኔጀሩም ዲስኩን በስሙ ብቻ ሳይሆን በዲቫይስ አይዲው ነው የሚያውቀው፣ ያ አይዲ ደግሞ ከሞዴሉና ከሲሪያሉ የሚወጣ ነው። ሜታዴቭኤድም ሳትመታ ከሄድክ ዛሬ ይሠራልሃል። ሲስተሙ በተነሣ ቀን ግን መዝገቡ የማይዛመድ አይዲ ይዞ ይጠብቅሃል። "ሠርቶልኛል" ያልከው ማሽን ከዚያ ወዲህ ሪቡት ተደርጓል?


ፈጣን_እጅ፦

ልጠይቅና እመለሳለሁ 😅


ሩት_ነኝ፦

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ። ሬፕሊካዎቹን ወዲያው ነው የሰረዝኳቸው፣ አሁን ሦስት ብቻ ናቸው፣ ሁሉም ትንሽ ኤ (በሥራ ላይ ነው የሚል ምልክት) አላቸው፣ ምንም ካፒታል የለም። የሲ1ቲ0ዲ0 ሃርድ ኤረር ዜሮ ነው፣ የሌላውማ አይነሣ። ባካፑም ሄዷል።

ሲኤፍጂኤድሙ ግን እምቢ አለኝ። "ኮምፖነንት ሲስተም ኢዝ ቢዚ፣ ትራይ አጌን፦ ፌይልድ ቱ ኦፍላይን" ይልና ከሥሩ ሁለት ነገር ይዘረዝራል፣ አንዱ ሲ1ቲ1ዲ0ኤስ1 ነው፣ ሌላው ሲ1ቲ1ዲ0ኤስ6። ኤስ6ን ጭራሽ አላውቀውም፣ ሜታስታት ላይም የለም፣ ማውንትም አልተደረገም። ማን ነው የያዘው? ሲኤፍጂኤድም በግድ የሚያስወጣ -ኤፍ አለው መሰለኝ፣ ልጠቀምበት እንዴ?


አዳማ_ኖክ፦

-ኤፍ ተዪው። ሲስተሙ "ይሄን ዕቃ አንድ ሰው ይዞታል" ብሎ ነው የሚነግርሽ፣ ማን እንደያዘው ነው ማወቅ ያለብሽ።

ኤስ1 ያ "ኦኬ" ብሎ ያስገረመሽ ስዋፕ ነው። ቮልዩም ማኔጀሩ አንድ ሰብሚረር (የሚረር አንድ ጎን) ተበላሽቷል የሚለው ለመጻፍ ወይም ለማንበብ ሞክሮ ሲያቅተው ነው። ስዋፑን ማንም ስላልነካው ገና አልወደቀም፣ ስላልወደቀም በሥራ ላይ ነው ተብሎ ይቆጠራል። አላቂው፦

ሜታዲታች ዲ1 ዲ21

ዲ0 እና ዲ5 ላይ ያሉትን አትንኪያቸው፣ እነሱ ቀድሞውኑ ከሥራ ወጥተዋል፣ ኋላ በሜታሪፕሌስ ይመለሳሉ።

ለኤስ6 ደግሞ ደምፕኤድም ብለሽ ብቻ ምቺ፣ ምንም አማራጭ ሳትጨምሪ። ልጁ ለክራሽ ደምፕ (ሲስተሙ ሲወድቅ ሜሞሪው ላይ የነበረው የሚጻፍበት) ብሎ የሁለተኛውን ዲስክ አንድ ስላይስ ለይቶ ሰጥቶት ይሆናል ብዬ ነው የምጠረጥረው። ይሄ ብዙ ቦታ ይገጥማል። ደምፕ ዲቫይስ ማውንት አይደረግም፣ ሜታስታት ላይም አይታይም፣ ስለዚህ ሰው ይረሳዋል። እሱ ከሆነ፦

ደምፕኤድም -ዲ ስዋፕ

በይውና ወደ ስዋፕ ይዞራል። ከዚያ ሲኤፍጂኤድሙን ድገሚው።


ሩት_ነኝ፦

ልክ ብለሃል! ደምፕኤድም ላይ "ደምፕ ዲቫይስ፦ /ዴቭ/ዲኤስኬ/ሲ1ቲ1ዲ0ኤስ6 (ዴዲኬትድ)" ይላል። አዞርኩት፣ ዲ21ንም አላቀቅሁ፣ ሰማያዊዋ መብራት በራች። በጋሼ ምክር ዲዲውንም ሞከርኩት፣ ደህናው ሲብለጨለጭ አየሁት። የወጣው ዲስክ ሲሪያልም ወረቀቱ ላይ ከያዝኩት ጋር አንድ ነው።

አዲሱን ሰክቼ ኮንፊገር አደረግሁት፣ ፎርማትም ያየዋል። ከዚያ አከፋፈሉን ከደህናው ዲስክ ልገለብጥ ብዬ፦

ፒአርቲቪቶክ /ዴቭ/አርዲኤስኬ/ሲ1ቲ0ዲ0ኤስ2 | ኤፍኤምቲሃርድ -ኤስ - /ዴቭ/አርዲኤስኬ/ሲ1ቲ1ዲ0ኤስ2

ስል ስህተት ይሰጠኛል። ፎርማት ውስጥ ገብቼ ፓርቲሽኑን ሳይ ደግሞ ኤስ7 የሚባል የለም፣ በምትኩ ቁጥር 8 ላይ "ሪዘርቭድ" የሚል አለ። ሲሊንደር የሚባል ነገርም አያሳይም፣ ሴክተር ብቻ። ዲስኩ ተበላሽቶ ይሆን?


ጋሽ_ስፓርክ፦

ደህና ነው። የነበረበት ማሽን ዜድኤፍኤስ (ሌላው የሶላሪስ ፋይል ሲስተም) ነበረው ማለት ነው። ሙሉ ዲስክ ለዜድኤፍኤስ ሲሰጥ የኢኤፍአይ ሌብል (የዲስኩ አከፋፈል የሚጻፍበት መዝገብ) ይለጠፍበታል፣ ቁጥር 8 "ሪዘርቭድ" የዚያ ምልክት ነው። የአንቺ ማሽን ኦፕንቡት (ስትበራ የሚያስነሣት ፈርምዌር) ግን ከኢኤፍአይ ሌብል ቡት አያደርግም፣ የድሮውን የኤስኤምአይ ሌብል ነው የሚፈልገው።

ፎርማት -ኢ ብለሽ ግቢ (ያለ -ኢ ምርጫውን አያሳይሽም)፣ ዲስኩን ምረጪ፣ ቁጥሩን ደግመሽ እዪ፣ ከዚያ "ሌብል" በይ። ሁለት ምርጫ ይሰጥሻል፣ 0 ኤስኤምአይ፣ 1 ኢኤፍአይ። 0 በይ። ከዚያ ሲሊንደሩ ይመለሳል። በሰን ስም የወጣ ባለ 73 ከሆነ ሠሪው ማንም ይሁን ማን "ሰን72ጂ፣ ሲሊንደር 14087፣ ሄድ 24፣ ሴክተር 424" ነው የሚለው፣ ከደህናው ጋር አንድ ከሆነ ኤፍኤምቲሃርዱ ያለ ችግር ያልፋል። ቁጥሩ የተለየ ከሆነ ግን አትግፊበት። ዲስኩ በጥቂት ሴክተር እንኳ ቢያንስ ሰብሚረሩ አይገባም። ስላይሶቹንም በእጅሽ ከከፈልሽ ሩቱ እዚያኛው ላይ ከሲሊንደር 0 የሚጀምር ከሆነ እዚህም ከ0 ይጀምር፣ አለዚያ ሌብል ያለውንና የሌለውን ማያያዝ አልችልም ብሎ ሌላ ራስ ምታት ይሰጥሻል።

ከዚያ ያለው ቅደም ተከተል ቀላል ነው፦

ሜታዴቭኤድም -ዩ ሲ1ቲ1ዲ0

ይህ አሮጌውን አይዲ እና አዲሱን አይዲ አንዱን ከአንዱ ሥር ጽፎ ያሳይሻል፣ የተለያዩ መሆናቸውን እዪ። ፈጣን እጅ፣ አንተም እያት ይችን መስመር።

ሜታዲቢ -ኤ -ሲ 3 ሲ1ቲ1ዲ0ኤስ7

ሜታሪፕሌስ -ኢ ዲ0 ሲ1ቲ1ዲ0ኤስ0

እዚህ ላይ ቁሚ። የሩቱ ሪሲንክ ሳያልቅ ዲ5ን አትጀምሪ። ሦስቱን በአንድ ጊዜ ከለቀቅሽ የዲስኩ ሄድ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ሲሮጥ ይውላል፣ ሁሉም ይዘገያል፣ ዳታቤዙን የሚጠቀሙትም መጮህ ይጀምራሉ። ሜታስታት ላይ "ሪሲንክ ኢን ፕሮግረስ" ብሎ ፐርሰንቱን ያሳይሻል። ሲያልቅ ዲ5፣ በመጨረሻ ደግሞ ስዋፑን ሜታታች ዲ1 ዲ21 በይው፣ ያላቀቅሽው ስለሆነ በሜታሪፕሌስ አይመለስም።


ሲልቨር_ስፕሪንግ_አድሚን፦

ሰላም ከሜሪላንድ። ጋሼ ሁሉንም ብለውታል፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሪሲንኩ መቶ ፐርሰንት ሲል ቤቱ የሚሄደው እዚህ ላይ ነው።

ሪሲንኩ ማለቁና አዲሱ ዲስክ ቡት ማድረጉ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሚረሩ የፋይል ሲስተሙን ይዞልሻል። ማሽኗ ስትበራ የምታነበው ቡት ብሎክ ግን ስላይስ 0 መጀመሪያ ላይ ያሉት ጥቂት ሴክተሮች ናቸው፣ ሪሲንኩ ያመጣልኛል ብለሽ አትተማመኚ፣ በእጅሽ ጻፊው፦

ኢንስቶልቡት /ዩኤስአር/ፕላትፎርም/`ዩኔም -አይ`/ሊብ/ኤፍኤስ/ዩኤፍኤስ/ቡትቢኤልኬ /ዴቭ/አርዲኤስኬ/ሲ1ቲ1ዲ0ኤስ0

አርዲኤስኬ ነው፣ ዲኤስኬ አይደለም፣ ስላይሱም ኤስ0።

እኔ አሁን የምሠራው ኤአይኤክስ ላይ ነው፣ ነገሩ ግን ያው ነው። እዚህ አንሚረርቪጂ፣ ሪዱስቪጂ፣ አርኤምዴቭ፣ ከዚያ አዲሱን ዲስክ ኤክስቴንድቪጂ እና ሚረርቪጂ እንላለን፣ ከዚያ በኋላ ቦስቡት ካልመታሽና ቡትሊስቱን ካላስተካከልሽ ሚረሩ ሙሉ ሆኖ ማሽኑ ከአዲሱ ዲስክ አይነሣም። ኤችፒ ዩኤክስ ላይ ኤምኬቡት እና ኤልቪኤልኤንቡት አሉ፣ ሊኑክስ ላይ ኤምዲኤድም ሲያልቅ ግራብ ኢንስቶል አለ። ሶላሪስ 10ም ከ10/08 ሪሊዝ ጀምሮ ሩቱን ዜድኤፍኤስ ማድረግ ይቻላል፣ ያኔ ሬፕሊካ የሚባለው ጣጣ ሁሉ ይቀራል፣ ግን እዚያም ዚፑል ሪፕሌስ ካለቀ በኋላ ኢንስቶልቡት -ኤፍ ዜድኤፍኤስ መምታት አለብሽ። ዘመናዊ ነው ብሎ የተወው ሰው ያውቃታል።

እግረ መንገዴን፣ የደምፕ ዲቫይሱ ታሪክ አሳቀኝ። ኤአይኤክስም ላይ ሪዱስቪጂ እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ ተጠያቂው ኤልጂ ደምፕ ኤልቪ ነው። ሚረርቪጂ ደምፕ ዲቫይሱን ሚረር ስለማያደርገው ብቻውን አንዱ ዲስክ ላይ ተቀምጦ ይጠብቅሻል።

ሩት፣ ኮንሶል አለሽ አይደል? ኔትወርክ ካርዱን ሳይሆን አሎሙን፣ የማሽኗን የርቀት መቆጣጠሪያ፣ ማለቴ ነው።


ሩት_ነኝ፦

አዎ፣ የአሎሙ ፓስወርድ አለኝ፣ "ኤስሲ" የሚለው ላይ ገብቼ ኮንሶል እላለሁ፣ ለመውጣት ሃሽና ነጥብ።

ሌብሉን ቀየርኩት፣ ሲሊንደሩ ልክ 14087 ነው፣ ኤፍኤምቲሃርዱ አለፈ። ሜታዴቭኤድሙ ሁለት የተለያየ አይዲ አሳየኝ። ዲ0 አልቋል፣ ዲ5 አሁን ስልሳ ምናምን ፐርሰንት ላይ ነው፣ ኢንስቶልቡቱንም መታሁ። ስዋፑ ይቀራል።

ከአዲሱ ዲስክ የምትነሣ መሆኗን እንዴት ነው የማየው? የግድ ማጥፋት አለብኝ መሰለኝ። ደግሞ ጋሼ፣ እንደገና ሦስት ለሦስት ስለሆንን፣ ወደፊት አንዱ ዲስክ ሲሞት ያው ግማሽ ላይ እንወድቃለን ማለት አይደል? ፈላልጌ ኤም ዲ ሚረርድ ሩት ፍላግ የሚባል ነገር አይቻለሁ፣ /ኢቲሲ/ሲስተም ላይ 1 ተብሎ ይጻፋል ይላል። እሱን ላስገባው?


ጋሽ_ስፓርክ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ብዙ ሰው እዚህ ድረስ አያስብም።

ሁለት ዲስክ ብቻ ካለሽ በቁጥር መጫወት አያዋጣም። እኩል ብታካፍያቸው አንዱ ሲሞት ልክ ግማሽ ላይ ትቀሪያለሽ። አንደኛው ላይ ብታበዢ ደግሞ ያ ዲስክ የሞተ ቀን ከግማሽ በታች ትሆኚና ማሽኗ እየሠራች ሳለ ፓኒክ ታደርጋለች፣ ይሄ የባሰ ነው። ያየሽው ፍላግ ልክ ግማሽ ሬፕሊካ ይዛም እንድትነሣ ይፈቅድላታል። የሚሠራ ነገር ነው፣ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። እኔ የማልወደው አንድ ቀን አሮጌ መረጃ ከያዘው ግማሽ ልትነሣ ስለምትችል ነው። አንዱ ዲስክ ለጊዜው ጠፍቶ ሌላው ሲሠራ ይቆያል፣ ከዚያ ማሽኗ ጠፍታ ስትነሣ ያ የጠፋው ብቻ ብቅ ይላል። ፍላጉ ካለ የትናንቱን ሁኔታ እንደ እውነት ተቀብላ ትነሣለች። የሚያቆማት ሕግ የለማ።

ቪ240 አራት የዲስክ ቦታ አላት። ሦስተኛው ቦታ ላይ ለዳታ የሚያገለግል ዲስክ ካለሽና ትንሽ ባዶ ስላይስ ከተገኘ እዚያም ሦስት ሬፕሊካ አስቀምጪ። ዘጠኝ ይሆናሉ። ማናቸውም ዲስክ ቢሞት ስድስት ይቀራል፣ ከዘጠኝ ስድስት ደግሞ ያለ ክርክር ከግማሽ በላይ ነው፣ ትነሣለች፣ ፍላጉም አያስፈልግሽም። አንድ ሬፕሊካ የሚወስደው 8192 ብሎክ ነው፣ አራት ሜጋባይት ማለት ነው፣ ቦታ የለም የሚባል ምክንያት የለም።

ሙከራውን በተመለከተ፣ አዎ ማጥፋት አለብሽ። አለቃሽን ለእሑድ ጠዋት ፈቃድ ጠይቂ። "ሰርቨሩ ደህና ከሆነ ለምን እናጠፋለን" ይልሻል፣ ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። እኛ በመረጥነው ሰዓት ብናየው ይሻላል ወይስ መብራት በመረጠልን ሰዓት በይው። መጀመሪያ ሜታስታት ላይ ሁሉም ኦኬ መሆኑን፣ ምንም ሪሲንክ አለመቅረቱን እዪ። ከዚያ በኮንሶል ገብተሽ ኢኒት 0፣ ኦኬ ፕሮምፕት ላይ ዴቫሊያስ ብለሽ ዲስክ1 የሚለው ስም ወደ ሁለተኛው ዲስክ የሚጠቁም መሆኑን አረጋግጪ፣ ከዚያ፦

ቡት ዲስክ1

ደህናውን ዲስክ አትምዘዢው፣ ቦታው ላይ ይሁን። ከተነሣች በኋላ ፒአርቲኮንፍ -ቪፒ ላይ ቡትፓዝ የሚለውን ፈልጊ፣ መጨረሻው ዲስክ@1 ከሆነ ከአዲሱ ነው የተነሣችው። ሁለቱንም ተራ በተራ እንድትሞክር ደግሞ፦

ኢኢፕሮም ቡት-ዲቫይስ="ዲስክ0 ዲስክ1"


አዳማ_ኖክ፦

ደምፕ ዲቫይሱንም አትርሺ። አሁን ስዋፕ ላይ ነው፣ እዚያው ብትተዪው ይሻላል። ኤስ6 ባዶ ስላይስ ሆኖ ይቅር።


ሩት_ነኝ፦

እሑድ ጠዋት ሞከርነው። አለቃዬ ጋሼ ያሉትን ቃል በቃል ነው የተናገረው 😂

ቡት ዲስክ1 ስል የመጀመሪያው ሙከራ "ካንት ኦፕን ቡት ዲቫይስ" አለችኝ፣ ልቤ ቀጥ አለ። ዴቫሊያሱን ስናየው ከፋብሪካ የመጣው ሳይሆን አንድ ሰው በኤንቪኤሊያስ የጻፈው ሌላ ፓዝ ነበር፣ አሁን ማሽኗ ላይ ወደሌለ ካርድ የሚያመላክት። ኤንቪአንኤሊያስ ዲስክ1 ብዬ ሰረዝኩት፣ ሪሴት-ኦል አልኩ፣ ዋናው ስም ተመለሰ፣ ከዚያ ተነሣች። ቡትፓዙም ዲስክ@1 ነው። ለካ ሚረሩ ደህና በነበረበት ዘመን ሁሉ የመጀመሪያው ዲስክ ቢሞት ከሁለተኛው አትነሣም ነበር።

ሬፕሊካዎቹ ዘጠኝ ሆነዋል፣ ሦስተኛው ዲስክ ላይ ባዶ ስላይስ ነበረ።

የቀረኝ የወጣው ዲስክ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት መልሺ እያሉኝ ነው፣ እንደ ቋሚ ንብረት ስለተመዘገበ። /ኤክስፖርት ላይ የደንበኛ መረጃ ነበረበት።


ፈጣን_እጅ፦

ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ያ ማሽን ሪቡት ተደርጎ አያውቅም፣ አሁን እኔም ለእሑድ ፈቃድ እየጠየቅሁ ነው። ሁለተኛ፣ ዲስኩ ገና የሚነሣ ከሆነ ሌላ ማሽን ላይ ሰክተሽ ፎርማት ውስጥ አናላይዝ፣ ከዚያ ፐርጅ የሚል አለ፣ ደጋግሞ ይጽፍበታል።


ጋሽ_ስፓርክ፦

የተበላሸ ዲስክ ላይ ፐርጅ መሃል ላይ ይቆማል፣ የማይጻፍበት ሴክተር ደግሞ የነበረውን እንደያዘ ይቀራል። ሩት፣ ሲሪያል ቁጥሩን ጽፈሽ፣ ከንብረት ክፍል ሰው ጠርተሽ፣ ፊቱ በድሪል አስበጂውና ቃለ ጉባኤ ያዙበት። ንብረት ክፍል የሚፈልገው ወረቀቱን ነው፣ ዲስኩ ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው ግድ የለውም።